ግሱ እስኪደርስ

ጫማውን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ካበቃ በኋላ ሱሪውን ለመልበስ የሚታገል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። አንዳንድ ሰው ሲናገር ስሰማ ግን ልክ እንደዚያ ያለ ትግል ውስጥ የገባ ይመስለኛል። ሱሪው ሱሪ ነው፤ ጫማውም ጫማ ነው፤ አንዱም አልጎደለም። የጎደለው የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል ማወቁ ነው። አባቶቻችን ‹‹ከመጠምጠም መማር ይቅደም›› ያሉት ጥምጣም ጠልተው አይደለም፣ ቅደም ተከተል ገብቷቸው ነው እንጂ። ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ ውሃውን የደፋ ሰው ምንም ነገር አላጎደለም፣ ግን ወጥ አልሠራም።

የቋንቋ ሰዎች ይህን ነገር አገባብ ይሉታል። አገባብ ማለት ተማሪን ለማሰልቸት የተፈጠረ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ቆቦ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ያሰለቸኋቸው ተማሪዎች ምስክር ቢሆኑብኝም እንኳ። አገባብ ቃላት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገቡ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ የሚወስን ሕግ ነው። ሠርግ ቤት ሄዳችሁ የሙሽራው አባት ወንበር ላይ ዘላችሁ ብትቀመጡ ምን እንደሚደርስባችሁ ታውቁታላችሁ። ቃልም ያለ ቦታው ከተቀመጠ ይነሣል፣ ካልተነሣም ያስነሣል።

የአማርኛ አገባብ ደግሞ አንድ ጉድ አለው። ዋናውን ነገር፣ ግሱን፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ሰው ‹‹ትናንት ከጎብዬ ገበያ የገዛሁትን በግ ዛሬ ጠዋት ለጎረቤቴ ለአቶ እንትና…›› ብሎ ሳል ቢይዘው፣ በጉ ይሰጥ፣ ይሸጥ፣ ይታረድ የሚያውቀው አንድ አላህ ብቻ ነው። አንድ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ ‹‹እኔ አንቺን እስከ ዕለተ ሞቴ ድረስ…›› ብሎ ትንፋሽ ለመውሰድ ቢያቆም፣ ልጅቷ በዚያች ትንፋሽ መካከል ታገባለች፣ ትወልዳለች፣ ትፋታለች። ስለዚህ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በተፈጥሯችን ታጋሾች መሆን ነበረብን። ሰው ነገሩን እስኪጨርስ አፉን ዘግቶ የሚጠብቅ ሕዝብ መሆን ነበረብን። ነበረብን ነው ያልኩት።

ይህን ሁሉ ማንሣቴ ስለ መምህር ቢተው ላወጋችሁ ፈልጌ ነው። ቢተው የጎጃም ልጅ ነው። ሞባይል ስልክ ገና ቆቦን በሚላመድበት፣ ባጃጅም ከአህያና ከግመል ጋር መንገድ በምትጋፋበት ዘመን የኮምፒውተር አስተማሪ ሆኖ ተመድቦ መጣ። የደጋ ሰው ስለሆነ በመጣ ሰሞን የራያን ፀሐይ የግል ጠላቱ አድርጎ ይዟት ነበር። እሱም እኔም የተከራየነው አንድ ግቢ ነው፣ እትዬ ዘምዘም ግቢ፣ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች። እትዬ ዘምዘም ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልበ ቀና፣ ተከራይን እንደ ወለዱት ልጅ የሚቆጡ ሴት ናቸው። ግቢው ውስጥ ከእኛ ሌላ የምትኖረው አንዲት ቀይ ፍየል ነበረች። ኪራይ የማትከፍለው እሷ ብቻ ናት፤ ግቢው የእሷ እንደሆነ የምታምነውም እሷ ብቻ ናት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቢተው ጋር ደጅ የወጣው የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠን እንከራከራለን። ያለ ክርክር ቆቦ አይመሽም። እኔ አገባብ የሰው ልጅ ሀብት ነው እላለሁ፤ እሱ ኮምፒውተርም አገባብ አለው፣ ሲንታክስ እንለዋለን ይላል። አንድ ቀን እንዲያውም ላሳይህ ብሎ ኮምፒውተር ክፍል ወሰደኝ። የሆነ ነገር ጻፈ፣ ቁልፏን ተጫነ፣ ማሽኑ ‹‹ሲንታክስ ኤረር››፣ የአገባብ ስሕተት ማለት ነው፣ ብሎ ዝም አለ። ምን አድርገኸው ነው ስለው፣ አንዲት ቅንፍ ከፍቼ ሳልዘጋ ቀርቼ ነው አለኝ። ኧረ በሕግ! የከፈተውን ቅንፍ ሳይዘጋ ጡረታ የወጣ ስንት ባለሥልጣን አውቃለሁ! ለአንዲት ቅንፍ እንዲህ የሚያኮርፍ ፍጡር በዕድሜዬ አላየሁም። ሽማግሌ ላክበት አልኩት።

ቢተው ግን ማሽኑ ሲሰደብ አይወድም። ‹‹ጋሼ፣ ኮምፒውተር አይገምትም›› አለኝ። ‹‹ያልተባለውን አይሰማም። የተጻፈለትን እስከ መጨረሻው ያነባል፤ ካልገባው አልገባኝም ይላል። ግማሹን ሰምቶ የሚሮጠው ሰው ነው።››

እኔም ለዚያ ነዋ ከሰው ጋር ቁጭ ብሎ የማይጫወተው ብዬ መለስኩለት። ‹‹ግማሹን ሰምቶ የሚሮጠው ሰው ነው›› ያለው ግን ቢተው ራሱ መሆኑን አደራ ልብ በሉልኝ።

ቢተው እናት አሉት። ወይዘሮ የሻረግ ይባላሉ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶ ሽንኩርትና በርበሬ ቸርችረው፣ ለዩኒቨርሲቲ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ስለ እናቱ ሲያወራ ያ ኮስታራ ልጅ ፊቱ ይፈታል። አንድ ቀን እንግዲህ እህቱ ደወለችና ‹‹እማማን ትንሽ አሟታል፤ ሐኪም ቤት ወስደናታል፤ አታስብ›› አለችው።

እናንተም እንደኔ የዚህ አገር ሰዎች ከሆናችሁ ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳችሁ አይገባም። በእኛ አገር በስልክ ‹‹ትንሽ›› የታመመ ሰው ኖሮ አያውቅም። ለጉንፋን አንደውልም። ሆስፒታል የተኛ ‹‹ትንሽ አሞታል››፣ የተዳከመ ‹‹ደህና ነው፣ ይጠይቅሃል››፣ የሞተ ደግሞ ‹‹በጣም አሞታልና ቶሎ ና›› ይባላል። ‹‹አታስብ›› ከተጨመረበት ማሰብ መጀመር ነው። ቢተው ዝርዝሩን ልጠይቅ ብሎ በማግስቱ ስልኩን ሲያነሣ ግን ስልክ የለም። ከዞብል ተራራ በኩል የመጣ ነጎድጓድ ሲያጓራ አድሮ የኔትወርኩን ምሰሶ መብረቅ መትቶታል። ቆቦ ሳምንት ያህል ዝም አለች። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ሲዞር ለማያውቀው ሰው የዝናብ ጸሎት የያዝን ነበር የምንመስለው።

ልጁ መቀመጫ አጣ። የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ስለነበር ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነው የሚውለው፤ ፈተናው እንዳለቀ በወልዲያ አድርጎ፣ ጋሸናን ተሻግሮ፣ ባሕር ዳር አድሮ ሊሄድ ፈቃድ ወሰደ። እስከዚያ ድረስ ግን ማታ ማታ እህል አይወርድለትም። እትዬ ዘምዘም ‹‹ብላ እንጂ ልጄ፣ ያንተ መራብ እናትህን አያድንም›› ይሉታል፤ አንድ ጎርሶ ይተወዋል። በዚያ ላይ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጽሐፉ ጠፋበት። ከዩኒቨርሲቲ ሲወጣ ይዞት የመጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ቆቦ ውስጥ ሁለተኛ የለውም፤ የሚያስተምረውም ከዚያው ነው። ጠዋት ደጅ አልጋው ላይ ረስቶት ወጣ፣ ሲመለስ የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግቢውን ገልብጦ በፈተሸ ነበር፤ አሁን ግን ተማሪ ወስዶት ይሆናል ብሎ ተወው። ልቡ ጎጃም ነው ያለው።

በማግስቱ ማለዳ የግቢው በር ተንኳኳ።

ማለዳ፣ ገና ወፍ እየተንጫጫ በር ሲንኳኳ የእኛ አገር ሰው ልቡን አንድ ነገር ይለዋል። መርዶ የሚነገረው ያን ጊዜ ነው። ሰውዬው ከቤት ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ከሩቅ ጀምረው፣ ቀስ እያሉ ያረዱታል። እኔ ነኝ የከፈትኩት። አያ ሰይድ ቆመዋል። አያ ሰይድ የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተጋፉ ገበሬዎች፣ ደም የተቃቡ ሳይቀሩ እሳቸው ፊት ነው የሚታረቁት። ከኋላቸው ሌሎች ሽማግሌዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ዱላቸውን ተደግፈዋል። አንዱም አይስቅ፣ አንዱም አያወራ። ‹‹መምህር ቢተው ተነሥቷል?›› አሉኝ አያ ሰይድ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዞር ብዬ ወደ እትዬ ዘምዘም ቤት ባይ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ደፋቸው ላይ ኩርምት ብለዋል። ሌላ ቀን እኚህ ሴት ከአውራ ዶሮው ቀድመው ነው የሚጮኹት።

ቢተው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፊቱን ሊታጠብ ወጣ። ሽማግሌዎቹን አየ። እትዬ ዘምዘምን አየ። እኔን አየ፤ እኔም ዓይኔን ሰበርኩ። ‹‹ና ልጄ፣ እስቲ ተቀመጥ›› አሉት አያ ሰይድ። ቁጭ አለ፤ መቀመጥ ሳይሆን መውደቅ ነው የሚባለው። አያ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ሁላችንም አሚን አልን፤ ከዚያም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

‹‹መምህር፣ አንተ የሰው አገር ሰው ነህ። አላህ ከእኛ ጋር አኖረህ፣ እኛም እንደ ልጃችን አየንህ። በሰው አገር ላለ ሰው ወገኑ ጎረቤቱ ነው። ዛሬ እንዲህ ማልደን ደጅህ የቆምነው ከባድ ነገር ቢገጥመን ነው። አንተ ደግሞ የተማርክ ነህ፣ ነገርን በትዕግሥት ትሰማለህ…››

ግሱ ገና መንገድ ላይ ነው። የሚመጣው በዋጃ መንገድ ይሁን በጎብዬ እንኳ አልታወቀም። ቢተው ግን አልጠበቀውም። ‹‹እማዬን!›› ብሎ ከአልጋው ላይ ወደ መሬት ወረደ። እኔ፣ ይህን ያህል ዘመን አገባብ ያስተማርኩ ሰውዬ፣ ‹‹ወይኔ የሻረግ! ወይኔ እናቴ!›› እያልኩ ደረቴን ስደቃ ራሴን አገኘሁት። ሴትዮዋን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም። እትዬ ዘምዘም ደግሞ ከደፋቸው ላይ ተነሥተው ‹‹እኔን ይድፋኝ! ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ!›› እያሉ እግሩ ላይ ወደቁ። ቆቦ ተቀምጠው ጎጃም ባሉት ሴት ላይ ምን ሊያጠፉ እንደቻሉ ለመጠየቅ ፋታ አልነበረኝም፤ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።

የራያ ሰው ጩኸት ሲሰማ ‹‹ለምን?›› አይልም። መጀመሪያ ይደርሳል፣ ከዚያ ያለቅሳል፣ ማን እንደሞተ የሚጠይቀው እንባውን ከጠረገ በኋላ ነው። ግቢው ሞላ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች፤ አንዱ ወደ ገበያ የሚወስዳትን አህያ እንደተጫነች በር ላይ ትቷት ገባ። የእድሩ ዳኛ አቶ ካሳ ከባለ ጥሩንባው ጋር ደረሱና ድንኳኑ የት ቢተከል እንደሚሻል ግቢውን በዓይናቸው ይለኩ ጀመር። የሽማግሌዎቹ ነገር ግን ግራ ነበር። እንዳመጣጣቸው ደርቀው ቆመው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አያ ሰይድም አፋቸውን ከፍተው፣ እጃቸውን ንግግሩ ላይ እንዳነሡት ቀርተዋል።

አቶ ካሳ ጠጋ ብለው ‹‹አያ ሰይድ፣ መቼ ነው ያረፉት?›› አሏቸው።

‹‹ማን?››

‹‹የመምህሩ እናት ናቸዋ!››

‹‹ሱብሃነላህ! ማን ሞቱ አለ?›› አያ ሰይድ ዱላቸውን መሬት ላይ ደቁ። ‹‹ዝም በሉ! ዝም በሉ ነው የምላችሁ! እኔ መች ነገሬን ጨረስኩና ነው የምታለቅሱት?›› አያ ሰይድ ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ ካቆሙበት ቀጠሉ፤ አንዲት ቃል እንኳ አልዘለሉም። ‹‹…በትዕግሥት ትሰማለህ። እናም ትናንት እዚህ አልጋ ላይ ትተኸው የወጣኸውን ያን የኮምፒውተር መጽሐፍህን፣ ይቅር በላትና፣ የዘምዘም ፍየል በላችው።››

ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ የሚሉት ይህ ነው።

አቶ ካሳ ድንኳን መትከያውን መለካታቸውን ተዉ። ከዚያ ከወደ በሩ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ሌላው ተከተላት፣ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ ቀስ በቀስ ነው የገባን። እትዬ ዘምዘም ከሰዓት በኋላ ከገበያ ሲመለሱ ፍየሏን ያገኟት የመጽሐፉን ሽፋን ስታላምጥ ነው፤ ሌላው አልቋል። ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ! ሰውዬው የአገሬው ሰው ቢሆን ኖሮ በበሩ አንገታቸውን አስግገው ‹‹ፍየሌ መጽሐፍህን በላችብህ፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ›› ይሉት ነበር፤ እሱም ፍየሏን ሰድቦ ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ቢተው ግን እንግዳ ነው። መምህር ነው። በዚያ ላይ ልቡ ያዘነ ነው። ለእንዲህ ያለ ሰው በባዶ እጅ፣ ብቻን ሆኖ፣ እንዲሁ በአፍ መሄድ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ለመኑ። ሽማግሌዎቹም ጥፋት ፀሐይ ሳይሞቀው ነው የሚታረቀው ብለው ማለዱ፤ በቆላ አገር ቁምነገር የሚሠራው ፀሐይ ሳትበረታ መሆኑንም አትርሱ። ለክብሩ ነው ነጭ የለበሱት፤ ለክብሩ ነው ከሩቅ የጀመሩት። ክብር ሲበዛ መርዶ እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ።

ሽማግሌዎቹን ግን አትፍረዱባቸው። ግስን ማዘግየት ተንኮል አይደለም፤ ደግነት ነው። ሰውን ቆሞ ሳለ አትመታውም፤ ታስቀምጠዋለህ፣ ትመርቀዋለህ፣ ወገን እንዳለው ትነግረዋለህ፣ ከዚያ ነው የመጣህበትን የምትነግረው። ለትልቁም ለትንሹም ያው አንድ መንገድ ነው ያላቸው። ለሞትም ለፍየልም። ኮምፒውተር ቢሆን እስከ መጨረሻው አንብቦ ‹‹ፍየል፤ መጽሐፍ፤ በላች›› ብሎ አርፎ ይቀመጥ ነበር። እኛ ግን ልባችን ውስጥ አስቀድሞ የተጻፈ ነገር አለ፤ ሰው አፉን ሲከፍት የምንሰማው እሱን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሳቁ ገና ሳያልቅ ቢተው ከወደቀበት ተነሣ። አፈሩን አላራገፈም። አንድ በአንድ ተመለከተንና ‹‹እናቴስ?›› አለ።

ሳቃችን ቀጥ አለ። ሞተች ያለ የለም፤ አልሞተችም ያለም የለም። እስክንጠግብ ያለቀስንላቸው ሴት በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቅ ከመካከላችን አንድ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘምዘም ‹‹ያረቢ!›› ብለው አፋቸውን ያዙ። አያ ሰይድ ወደ ሕዝቡ ዞሩና ‹‹በሉ እንግዲህ፣ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው እንዲሁ አይበተንም፤ ሴትዮዋን እናግኝ›› አሉ። አንድ ባለ ባጃጅ ትናንት ዋጃ ሰው አድርሶ ሲመለስ መንገድ ዳር ያለችው ጉብታ ላይ ስልኩ እንደጮኸ፣ ኔትወርኩ ከአላማጣ በኩል ሳይሆን እንደማይቀር ተናገረ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላስታውስም፤ ባጃጅ ሞላ፣ ሚኒባስ ሞላ፣ ሄድን።

እንዲህ ያለ ሰልፍ የዋጃ መንገድ አይቶ አያውቅም። ከፊት እኔና ቢተው፣ ከእኛ ጋር እትዬ ዘምዘም፤ ከኋላ ነጭ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከነጥሩንባው። ሽንኩርት የጫኑ ገበሬዎች መንገድ ዳር ቆመው ‹‹አላህ ያጽናችሁ!›› ይሉናል። እኛም አሚን እንላለን፤ ምን እንበል? ለእያንዳንዱ ስለ ፍየል ማስረዳት አይቻልም።

ቢተው ባጃጁ ውስጥ እጄን ጨብጦ ይዞኛል። ‹‹ጋሼ›› አለኝ፤ ‹‹በቁሟ አለቀስኩባት። ሟርት አይሆንብኝም?›› እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ልጄን ለሚያህል ሰው ‹‹አይዞህ›› ማለት አቅቶኝ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። እትዬ ዘምዘም ናቸው የመለሱለት፤ ‹‹ሟርቱ በእኔ ይሁን፣ ፍየሏንም ውሰድ፣ እረዳት›› አሉት። ‹‹እናቴ ትኑርልኝ እንጂ ፍየሏ ኮምፒውተሩንም ትብላው›› አለ፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ።

ጉብታዋ ላይ ወጣን። ዙሪያው የማሽላ ማሳ ነው፤ ፀሐይቱም መክረር ጀምራለች። ቢተው ስልኩን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ ኔትወርኩ መጣ። የእህቱን ቁጥር ደወለ። ጠራ። አሁንም ጠራ። አነሡት።

‹‹ሃሎ!›› የሴት ድምፅ ነው። ትልቅ ሴት። ቢተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና ‹‹እማ… እማዬ…›› ብሎ ተንሰቀሰቀ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልወጣውም።

እንግዲህ አስቡት። ታማ የሰነበተች እናት፣ ስልክ ጠፍቶ የከረመ ልጅ፣ በማለዳ ደውሎ ‹‹እማዬ›› ብሎ ያለቅሳል። ወይዘሮ የሻረግ ምን አደረጉ ትላላችሁ? ይጠብቁ? ‹‹ማን ሞተ? ቢተው! ምን ሆንክብኝ? ኧረ ኡኡ! ኧረ ልጄን! ኧረ የሰው ያለህ!›› ብለው ሲጮኹ ድምፁ ከስልኩ አልፎ ማሳው ውስጥ ያሉ ሰዎችን ቀና አደረጋቸው። ከወዲያ ማዶ በር ሲበረገድ፣ ጎረቤት ሲንጋጋ፣ ሌላ ሴት ደርሳ ጩኸቱን ስታግዝ ይሰማናል። ቢተው ‹‹አይደለም እማዬ፣ ፍየል ናት…›› ቢል፣ ‹‹ፍየል ምን አደረገችህ? ልጄን በፍየል! ኡኡ!›› ባሰ።

አያ ሰይድ ይህ ለሽማግሌ የሚገባ ጉዳይ መሆኑን አዩና ስልኩን ተቀበሉት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ‹‹እንደምን አደሩ እመቤቴ፤ እኛ የወሎ፣ የራያ ቆቦ ሰዎች ነን። ልጅዎ ከእኛ ጋር በክብር የኖረ፣ ጎረቤት የወደደው…›› ከወዲያ በኩል የተነሣውን ዋይታ በቃል አልችለውም። እንዲህ ያለ ረጋ ያለ የሽማግሌ ድምፅ ማለዳ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ ጎጃምም ያውቃል። ጉብታው ላይ ያለን ሰዎች በሙሉ ‹‹አያ ሰይድ! አሳጥሩት! ያሳጥሩት እንጂ!›› ብለን ጮኽን። አያ ሰይድ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ንግግራቸውን ከመሐል ጥለው ‹‹ደህና ነው! ልጅዎ ደህና ነው! ይኸው እያለቀሰ ነው!›› አሉና ስልኩን ለባለቤቱ ወረወሩት።

ከወዲያ ጸጥ አለ። ቢተው ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ‹‹እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ደህና ነኝ። አሟታል ብለውኝ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ የሞትሽ መስሎኝ ነው›› አለ። ወይዘሮ የሻረግ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ጀመሩ። አንተ የማትረባ፣ አንተ የተማርክ ደንቆሮ፣ ታይፎይድ ነው አሉኝ፣ መድኃኒቱን ስወስድ ተሽሎኝ ተነሥቻለሁ፣ ትናንት ገበያ ወጥቻለሁ፣ ምነው በጠዋት ጎረቤት ሰበሰብክብኝ፣ ምነው እግሬን ቄጤማ አደረግኸው… ጤነኛ ሴት ብቻ ነው እንዲህ ያለ ትንፋሽ የሚኖራት። እኛም ዙሪያውን ከበን እየሰማን፣ አንዱ ስድብ ባለፈ ቁጥር ፊታችን እየበራ ሄደ።

‹‹እኔስ ድኜ ነበር›› አሉ በመጨረሻ፣ ጉብታው ሁሉ እየሰማ፤ ‹‹አሁን ነው አንተ የገደልከኝ!››

ይህን ሲሰሙ እትዬ ዘምዘም እልልታቸውን አቀለጡት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፣ ሽማግሌዎቹ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን እያሉ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ልጅየው እያለቀሰ ይስቃል። እኛም ‹‹ገደልከኝ›› ለምትል ሴት እልል እያልን ጉብታውን ወረድን።